ከደጃፍ እስከ ጓዳ፦ የኢርፎን ታሪክና የዋጋው ነገር

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። በእኛ ዘመን ይህ ባዳነት በገንዘብ የሚገዛ ሆኗል። የከተማችን ወጣት ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ሁለት ጎማ ጆሮው ውስጥ ይወሽቅና ለሰፈሩ ባዳ፣ ለመንገዱ ባዳ፣ ለተሳፈረበት ታክሲም ባዳ ይሆናል። ረዳቱ «ሒሳብ!» ቢል አይሰማም፤ ከሄደበት ዓለም የሚመለሰው ትከሻውን ሲነኩት ነው። እኛም ከነዚሁ ባዳዎች ወገን ነንና ማንንም ለመውቀስ አልተነሳንም።

የተነሳነው አንድ የቆየ ክርክር ለመዳኘት ነው። ክርክሩ በየካፌው፣ በየዶርሙና በየቢሮው አለ። አንዱ ወገን «ድምፅ ማለት የውድ ኢርፎን ድምፅ ነው፤ ሌላው የትንኝ ጩኸት ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ሁሉም ያው ነው፤ የምትከፍለው ለስሙ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል ባይ ነን። ግማሾቹን ለማገጣጠም ግን ከሱቅ መስኮት ፊት ቆሞ ዋጋ ማንበብ አይበቃም፤ ይህ ነገር ወደ ጆሯችን እንዴት እንደገባ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ140 ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንመለሳለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦፔራ በስልክ ሽቦ

በ1881 ፓሪስ ውስጥ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የስልክ ማይክራፎኖችን በኦፔራ ቤቱ መድረክ ላይ ደረደረና ድምፁን በሽቦ እስከ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ አመጣው። ጎብኚው ሁለት የስልክ ማዳመጫ ይሰጠዋል፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጆሮው ላይ ደግኖ ይሰማል። ሁለቱ ማዳመጫዎች ከተለያየ ቦታ ከተቀመጡ ማይክራፎኖች የመጡ ስለነበሩ ዘፋኙ በመድረኩ ላይ ከወዲህ ወዲያ ሲል ይታወቅ ነበር። ዛሬ ስቴሪዮ የምንለው ነገር ያኔ ሬዲዮ እንኳ ሳይኖር ተጀመረ ማለት ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ በ1891 ሌላው ፈረንሳዊ ኤርነስት መርካዲዬ ለአንድ ፈጠራው የአሜሪካን ፓተንት አገኘ። ነገሩ ከ50 ግራም ያልበለጠ፣ ሁለት ጫፎቹ ጆሮ ውስጥ የሚገቡ የስልክ ማዳመጫ ነበር። እኛን የገረመን ክብደቱ አይደለም። መርካዲዬ ጫፎቹን በጎማ ሸፍኗቸዋል። ጎማው ሁለት ሥራ ነበረው፦ ጆሮን እንዳያቆስል ማለስለስና የውጭውን ጩኸት መዝጋት።

ይህን ጎማ አስታውሱት። የዚህ ጽሑፍ ዋና ገጸ ባሕርይ እሱ ነው። ሰውየው በ1891 የደረሰበትን ነገር ዓለም ለመቶ ዓመት ያህል ረስቶት ኖሯል።

አንድ ጆሮ ይበቃል

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማዳመጫ የሚባለው ነገር ራስ ላይ የሚጫን ከባድ ዕቃ ነበር። አሜሪካዊው ናትናኤል ባልድዊን በ1910 ገደማ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያቀረበው ማዳመጫ የዚህ ዘር አባት ነው። ሥራውም መርከብ ላይ ያለ የሬዲዮ ሠራተኛ ደካማ ምልክት እንዲሰማ ማድረግ እንጂ ዘፈን ማሳመር አልነበረም።

ትንሹ ማዳመጫ ተመልሶ የመጣው በትራንዚስተር ሬዲዮ ነው። በኅዳር 1954 «ሪጀንሲ ቲአር-1» የተባለው የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የኪስ ትራንዚስተር ሬዲዮ በአሜሪካ በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። ለእሱ የሚሆን ማዳመጫም ለብቻው ይሸጥ ነበር። አንድ ጆሮ ላይ የምትሰካ፣ ከመስሚያ መሣሪያ የተቀዳች ነገር ናት። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም ማንም አላማረረም። ሰው የገዛት ሌላውን ሳይረብሽ፣ አልጋው ውስጥ ሆኖ ዜና ወይም ኳስ ለመስማት ነበርና። የተከፈለው ዋጋ የገመና ዋጋ ነው። የድምፅ ጥራት ገና በሒሳቡ አልገባም።

ሙዚቃ በጥራት መስማት የፈለገ ሰው ሌላ መንገድ ነበረው። በ1958 ጆን ኮስ በሚልዋኪ ከተማ የስቴሪዮ ማዳመጫ አቅርቦ ነበር፤ እሱ ግን ሙሉ ጆሮን የሚሸፍን ነው። እንግዲህ ትልቁ ለሙዚቃ፣ ትንሹ ለወሬ ተባሉና ተለያዩ።

ደጃፍ ላይ የቆመው እንግዳ

ሐምሌ 1 ቀን 1979 ሶኒ ዎክማንን በ33,000 የን ለጃፓን ገበያ አቀረበ። ሰው ስለ ካሴት ማጫወቻው ብዙ ያወራል፤ ከሱ ጋር የመጣው ማዳመጫ ግን ከዚያ ያላነሰ አብዮት ነበር። በዚያን ጊዜ የተለመዱት ማዳመጫዎች ከ300 እስከ 400 ግራም ሲመዝኑ ይህኛው 50 ግራም ያህል ብቻ ነበር። ሌላም ደስ የሚል ነገር አለው፦ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ማዳመጫ መሰኪያ ነበረው። የሶኒው አኪዮ ሞሪታ ሰው ብቻውን ሙዚቃ ቢሰማ እንደ ብልግና ይቆጠርበታል ብለው ሰግተው ነበር። ስጋታቸው ብዙ አልቆየም፤ ሰው ብቻውን መስማቱን ወደደው። እኛ አገር ግን ሁለተኛ መሰኪያ ሳያስፈልገን «አንድ ጆሮ ለአንተ፣ አንድ ጆሮ ለእኔ» ብለን አንዱን ኢርፎን ለሁለት መካፈል ለምደናል። የሞሪታ ስጋት መፍትሔ ያገኘው አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ነው ብንል አልተጋነነም።

በ1982 ሶኒ «ኤምዲአር-ኢ252»ን አመጣ። ራስ ላይ የሚጫነው ቅስት ቀረና ሁለት ክብ ቁራጮች ብቻ የጆሮ ጉድጓድ ላይ ተንጠለጠሉ። ይህን ያስቻለው ትንሽ ሆኖ ኃይለኛ የሆነ የማግኔት ዓይነት በዚያ ዘመን መገኘቱ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ከካሴትም ከሲዲ ማጫወቻም ጋር በየካርቶኑ የሚመጣው ኢርፎን የዚሁ ልጅ ነበር።

ይሁንና ይህ ኢርፎን ደጃፍ ላይ የሚቆም እንግዳ ነው። የጆሮን ቦይ አይዘጋም፣ ወደ ውስጥም አይገባም። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው። ቤዝ የምንለው ወፍራም ድምፅ አየርን በዝግታና በብዛት የሚገፋ ነው። ሚጢጢ ስፒከር ይህን ግፊት ማቆየት የሚችለው በስፒከሩና በጆሮ ታምቡር መካከል ያለው ቦታ ዝግ ሲሆን ነው። ክዳኑ ያልገጠመ ድስት እንፋሎቱ እንደሚያመልጠው ሁሉ፣ ጆሮን ያልዘጋ ኢርፎንም ቤዙ ያመልጠዋል። ከዚያም የመንገዱ ጩኸት በዚያው ክፍተት ይገባል። ሰሚው ምን ያደርጋል? ድምፁን ይጨምራል። ይህች «ይጨምራል» የምትል ቃል ወደ ኋላ ዋጋ ታስከፍለናለችና እንያዛት።

ሐኪሙና ከበሮ መቺው

ወደ ጓዳ የገባው ኢርፎን ከሙዚቃ መደብር አልመጣም። የመጣው ከጆሮ ምርመራ ክፍል ነው። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ለመስሚያ መሣሪያ የሚሆኑ ጥቃቅን ስፒከሮችን የሚሠራ ኖልስ የተባለ ድርጅት ነበር። በእነዚህ ስፒከሮች ውስጥ በማግኔቶች መካከል እንደ ምላስ የምትርገበገብ ሚጢጢ ብረት አለች። ከዚያ ድርጅት የወጣው ሚድ ኪሊየን በ1983 ኤቲሞቲክ ሪሰርች የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ የሠራው ለመስማት ችሎታ ምርመራና ጥናት የሚሆኑ ማዳመጫዎችን ነበር። በ1991 ግን «ኢአር-4»ን ለሙዚቃ አድማጭ አቀረበ።

ኢአር-4 ከ300 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጎማው ወይም ስፖንጁ ወደ ጆሮ ቦይ ጠልቆ ገብቶ የውጭውን ጩኸት ከ30 ዴሲቤል በላይ መቀነሱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድምፁ ሰው በባዶ ጆሮው ከሚሰማው ጋር እንዲቀራረብ ተለክቶ መስተካከሉ ነው። ጆሯችን በተፈጥሮው አንዳንድ ድምፆችን ያጎላል፤ ቦዩን ስንዘጋው ይህ ማጉላት ይለወጣል። ኪሊየን የጆሮ ሰው ስለነበር ይህን ያውቅ ነበር። መርካዲዬ የጀመረው ጎማ ከመቶ ዓመት በኋላ ባለሙያ አገኘ።

ሁለተኛው መንገድ ከመድረክ መጣ። በ1995 ጄሪ ሃርቪ የቫን ሄለን ባንድ የድምፅ ባለሙያ ነበር። የባንዱ ከበሮ መቺ አሌክስ ቫን ሄለን በመድረክ ጩኸት ጆሮው እየተጎዳ ስለነበር መፍትሔ ፈለገ። ሃርቪም በጆሮው ቅርጽ ልክ የተሠራ ማዳመጫ አበጀለት፤ «አልቲሜት ኢርስ» የተባለው ድርጅትም ከዚህ ተወለደ። ልብ በሉ፤ ዛሬ የጩኸት ሱስ መሣሪያ አድርገን የምናየው ነገር ከጩኸት ለመሸሽ ነበር የተሠራው። ዋጋውም ትክክለኛ ምክንያት ነበረው፦ በአንድ ሰው ጆሮ ልክ፣ በእጅ፣ በጥቂት ቁጥር የሚሠራ ዕቃ ነውና ርካሽ ሊሆን አይችልም።

ነጩ ሽቦ

ጥቅምት 2001 አፕል አይፖድን በ399 ዶላር አወጣ። ከ2003 ጀምሮ ጥቁር የሰው ጥላ ነጭ ሽቦ አንጠልጥሎ የሚጨፍርበት ማስታወቂያ ዓለምን አዳረሰ። በዚህ ጊዜ በኢርፎን ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር ተከሰተ፦ ኢርፎን የሚታይ ዕቃ ሆነ። ከዚያ በፊት ሰው ሽቦውን ሸሚዙ ውስጥ ይደብቅ ነበር፤ አሁን ነጭ ሽቦ የአንገት ሐብል ሆነ።

ድምፁስ? ነጩ ኢርፎን በአሠራሩ የ1982ቱ ልጅ ነው፤ ደጃፍ ላይ የሚቆም። በባቡርና በአውቶቡስ ውስጥ የሚሰማው ሰው ድምፅ መጨመሩ ግድ ነበር። ፈረንሳይ ለኪስ ማጫወቻዎች የ100 ዴሲቤል ጣሪያ ስለነበራት በ2002 አይፖድ ከገበያዋ ወጥቶ ተስተካክሎ ተመልሷል። በመጋቢት 2006 ደግሞ አፕል ተጠቃሚው የራሱን የድምፅ ጣሪያ እንዲወስን የሚያስችል ማሻሻያ አውጥቷል። ዓለም ስለ ጆሮ መጨነቅ የጀመረው ኢርፎን ሁሉም ሰው ጆሮ ላይ ከተሰካ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የክርክሩ ሁለተኛ ወገን፣ «የምትከፍለው ለስሙ ነው» የሚለው፣ ማስረጃ ያገኛል። ለሚታይ ዕቃ ሲከፈል ጆሮ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ሒሳብ ይጠይቃል። የሐሰት ምርት የሚበዛውም ለዚህ ነው፤ አስመሳይ ቀድቶ የሚሸጠው ቀለሙንና ስሙን እንጂ ድምፁን አይደለም። መርካቶ ውስጥ «ኦርጅናል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ድምፁ እየጠየቀ አይደለም።

ዋጋና ድምፅ ሲፋቱ

ከ2010 በኋላ ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አንደኛው እውቀት ነው። በሃርማን ድርጅት ውስጥ ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ሰዎች የትኛውን የማዳመጫ ድምፅ እንደሚመርጡ የዕቃውን ስምና ዋጋ ሳያሳዩ መፈተን ጀመሩ። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከጀርመንና ከቻይና አድማጮችን ይዘው ሲሞክሩ የብዙው ሰው ምርጫ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ድምፅ የሀብታም ጆሮ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር አለመሆኑ ታወቀ። የተገኘው ውጤትም በግራፍ ታትሞ ወጣ፤ ማንም ፋብሪካ ሊከተለው ይችላል።

በ2017 ደግሞ ጄሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ ልኬት ከዋጋቸው ጋር አነጻጸረ። ትልልቆቹም በጆሮ የሚገቡትም አሉበት። ውጤቱ አጭር ነው፦ በቤዝ፣ በመካከለኛውና በቀጭኑ ድምፅ መካከል ባለው ሚዛንና በመሸጫ ዋጋ መካከል ዝምድና አልተገኘም። የመጀመሪያው ወገን፣ «ድምፅ ማለት የውድ ኢርፎን ድምፅ ነው» የሚለው፣ ከዚህ በኋላ ቢያንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢናገር ይሻለዋል።

ሁለተኛው ነገር ፋብሪካ ነው። ቻይና ውስጥ ለዓለም ብራንዶች ማዳመጫ የሚሠሩ ፋብሪካዎችና የለመዱ እጆች በብዛት ነበሩ። ትንንሽ ድርጅቶች በራሳቸው ስም መሥራት ጀመሩ። በ2016 «ኬዜድ» የተባለው ድርጅት ያወጣው «ዜድኤስቲ» በሃያ ዶላር ገደማ ሁለት ዓይነት ስፒከር በአንድ ጆሮ ይዞ መጣ፤ አንደኛው ያቺ ከመስሚያ መሣሪያ የመጣችው ምላስ ናት። ገመዱም የሚነቀል ስለሆነ ሲበጠስ ኢርፎኑን ሳይሆን ገመዱን ትቀይራላችሁ። በ2022 «ሙንድሮፕ» የተባለው ሌላ የቻይና ድርጅት «ቹ» የሚባል ኢርፎን ከ20 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ አቀረበ፤ ድምፁም እነ ኦሊቭ ባጠኑት የአድማጭ ምርጫ አቅጣጫ የተስተካከለ ነው። በ1991 ከ300 ዶላር በላይ የተጠየቀበት የ«ድምፁን ለጆሮ አስተካክሉ» ሐሳብ በ2022 በሃያ ዶላር ተሸጠ።

ታዲያ ውዱ ምን ይሸጣል?

በታኅሣሥ 2016 አፕል ኤርፖድን በ159 ዶላር ለገዢ ማድረስ ጀመረ። ሽቦው ቀረ። በ2019 ደግሞ ኤርፖድ ፕሮ በ249 ዶላር መጣ፤ በዚህኛው ላይ የመርካዲዬ ጎማ ተመለሰ። ከሃያ ዶላሩ ጋር ብናነጻጽረው ዋጋው ከ12 እጥፍ በላይ ነው። ድምፁ 12 እጥፍ ይበልጣል? በፍጹም። ነገር ግን የሚከፈለው ለሌላ ነገር ነው፦ ከሽቦ መገላገል፣ የአካባቢን ጩኸት በኤሌክትሮኒክስ ማፈን፣ ስልክ ሲያወሩ ማይኩ ጥሩ መሆኑ። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። ለሥራው ቀኑን ሙሉ ስልክ ለሚያወራ ሰው ገንዘቡ አልባከነም።

የማይነገረው ወጪ ግን አለ። ሽቦ አልባ ኢርፎን በየቁራጩ ውስጥ ሚጢጢ ባትሪ አለው፤ ባትሪ ደግሞ ያረጃል። የዕቃዎችን የመጠገን ቀላልነት የሚመዝነው አይፊክስኢት የመጀመሪያውን ኤርፖድ ፈትቶ ከ10 ዜሮ ሰጥቶታል። ባለሽቦው ሽቦው እስኪበጠስ ይኖራል፤ ሽቦ አልባው ባትሪው እስኪደክም። አሥር ዓመት የኖረ ባለሽቦ ኢርፎን ማግኘት ብርቅ አይደለም። ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ ኤፍኤም ሬዲዮ ያላቸው አብዛኞቹ ስልኮች የኢርፎኑን ሽቦ እንደ አንቴና ይጠቀሙበታል። ሸገርን በስልኩ ሬዲዮ እየሰማ ለሚሄድ ሰው ከሱቅ በደረቴ የገዛት ባለሽቦ ኢርፎን ጣቢያም ትይዝለታለች፤ ያ ሁሉ ዶላር የወጣበት ሽቦ አልባ ይህን አይሠራም።

ስለዚህ ፍርዳችን

ታሪኩን ስናጠቃልለው እያንዳንዱ ዘመን ለኢርፎን የከፈለው ለተለያየ ነገር ነው። በ1954 ለገመና፣ በ1982 ለቅለት፣ በ1991 ለልኬት፣ በ1995 ለጆሮ ጥበቃ፣ በ2001 ለመታየት፣ በ2016 ከሽቦ ለመገላገል። ክርክራችን የማያልቀው እነዚህን ሁሉ «ጥራት» በምትባል አንዲት ቃል ስለምንጠራቸው ነው። የድምፁ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታየው መግጠሙ ነው፣ ቀጥሎ አስተካከሉ፣ ዋጋው መጨረሻ ላይ ነው።

መግጠሙን ለመፈተን ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። የምታውቁትን ዘፈን ክፈቱ፤ የጥላሁን ይሁን የአስተር፣ ቤዝ ጊታሩን በቃላችሁ የምታውቁትን። ኢርፎኑን በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ስትገፉት ቤዙ ከወፈረ ክዳኑ አልገጠመም ማለት ነው፤ በካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ሌሎች መጠኖች ሞክሩ። የግራና የቀኝ ጆሮ መጠን ሊለያይ ስለሚችል ሁለት የተለያየ ጎማ ማድረግ ነውር አይደለም። ብዙ ሰው «ቤዝ የለውም» ብሎ የጣለው ኢርፎን ጥፋቱ የጎማው ነው።

አሁን ወደዚያች «ይጨምራል» ወዳልናት ቃል እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ግምት 1.1 ቢሊዮን ያህል ታዳጊዎችና ወጣቶች በግል ማዳመጫና ጩኸት በበዛባቸው መዝናኛዎች ምክንያት መስማታቸው አደጋ ላይ ነው። ድርጅቱ የሚመክረው በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ። አሥር ዴሲቤል ስትጨምሩ ሰዓታችሁ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ጥቃቅን ሴሎች ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስልክ ይቀየራል፣ ገመድ ይቀየራል፣ እነሱ አይቀየሩም።

እንግዲህ ለእኛ የኢርፎን እውነተኛ ዋጋ የሚለካው በዚህ ነው፦ በታክሲ ጩኸት ውስጥ ድምፁን ምን ያህል ዝቅ አድርጋችሁ መስማት ትችላላችሁ? በደንብ የገጠመ የሃያ ዶላር ጎማ ይህን ካስቻላችሁ ከማይገጥመው ውድ ይበልጣል። ጩኸት የሚያፍነው ውዱም ይህን ካስቻላችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ ይመቻችሁ። መንገድ ስትሻገሩ ግን ሁለቱንም ንቀሉት፤ ለመኪና ጥሩምባ ባዳ መሆን አይገባም።

አበው ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ እንጂ ባለቤቱ ለጆሮው ባዳ ይሁን አላሉም።

ቸር ያሰማን!